ስለ ባዮፕሲ ማወቅ የሚገባን፤ ናሙናውን ማን ይወስዳል? ማንስ ይመረምረዋል?

(በማኅበራችን የ10ኛ ዓመት በዓል የጤና ትምህርት ፕሮግራም ላይ የቀረበ ንግግር)



 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ ርእስ ለመምረጥ ብዙ አላመነታሁም። ሥራዬ በሆስፒታል የፓቶሎጂ ላቦራቶሪ ውስጥ ከሕመምተኞች የሚወሰደውን ናሙና ለምርመራ ማዘጋጀት ነው። ይህን የሚያውቁ ወገኖቼ በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ ጠጋ ብለው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «ሐኪሙ ባዮፕሲ ያስፈልጋል አለኝ፤ ልሂድ ወይስ ልተወው?» ይሉኛል።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ «ልተወው» የሚለው ቃል ነው። ቀጠሮ ተይዞላቸው የቀሩ፣ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ የከተቱ፣ ለትዳር ጓደኛቸው እንኳ ሳይናገሩ ወራት ያሳለፉ ሰዎች በመካከላችን አሉ። አብዛኛዎቹ የፈሩት ያላወቁትን ነገር ነው። ስለዚህ ዛሬ ባዮፕሲ ምን እንደሆነ፣ የትኛው ሐኪም ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደሚወስድ፣ ናሙናው ከተወሰደ በኋላም የት እንደሚደርስ በአጭሩ ላስረዳ። እኔ ሐኪም ስላልሆንሁ የምናገረው የሐኪማችሁን ምክር አይተካም። የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ባዮፕሲ ምንድን ነው?

ባዮፕሲ ማለት ከሰውነት ጥቂት ሥጋ ወይም ጥቂት ሕዋሳት ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ቃሉ «ሕይወት» እና «ማየት» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ በ1879 ይህን ስም ያወጣለት ኤርነስት ቤኒዬ የተባለ ፈረንሳዊ የቆዳ ሐኪም ነው።

ራጅ፣ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን አንድ እብጠት የት እንዳለና ምን ያህል እንደሚያህል ያሳያሉ። ከምን እንደተሠራ ግን ብዙ ጊዜ በእርግጠኝነት መናገር አይችሉም። በአገራችን የእህል ገበያ ነጋዴው ጆንያውን ሳይፈታ ውስጡ ክፍት በሆነ ሹል ብረት ወግቶ እፍኝ የማይሞላ እህል ያወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ ያያል። ባዮፕሲም አሠራሩ ይኸው ነው።

አንድ ትልቅ ስሕተት እዚህ ላይ ይታረም። ባዮፕሲ የሚደረገው ለካንሰር ብቻ አይደለም። ጨጓራ ውስጥ የሚኖረውን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለማግኘት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ጉዳት ምን ያህል እንደደረሰ ለማወቅ፣ የቆዳ በሽታን ለመለየት፣ በንፍፊት ውስጥ የሳንባ ነቀርሳ ተህዋስ መኖር አለመኖሩን ለማረጋገጥም ይደረጋል። የጡት ባዮፕሲ ከሚደረግላቸው ሴቶች እንኳ አብዛኛዎቹ ካንሰር አይገኝባቸውም። ሐኪሙ «ባዮፕሲ» ሲል «ገና አላወቅሁም፤ ልወቅ» ማለቱ ነው።

«ብረት ከነካው ይዛመታል» ስለሚባለው

ከአገራችን ይዘነው የመጣን አንድ እምነት አለ። «እብጠቱ ብረት ካልነካው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቢላ ከነካው ግን ይሰራጫል» ይባላል። ይህ እምነት እንዲሁ ከመሬት አልበቀለም። ሐኪም ቤት ሩቅ በነበረበት ዘመን ሕመምተኛው የሚደርሰው በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነበር። ተከፍቶ፣ ታይቶ፣ ይዘጋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያርፋል። ዘመድም ቢላውን ከሞቱ ጋር አያይዞ ያስታውሳል። የገደለው ግን ቢላው ሳይሆን መዘግየቱ ነው።

እውነቱን ሳልደብቅ ልናገር። በአንዳንድ የዕጢ ዓይነቶች መርፌው ባለፈበት መንገድ ላይ ሕዋሳት ሊቀሩ ይችላሉ። ይህ ከስንት አንዴ የሚያጋጥም ሲሆን ሐኪሞቹም ያውቁታል፤ ይጠነቀቁለታል። በዚህም ምክንያት በወንድ ብልት ፍሬ ላይ ካንሰር ሲጠረጠር መርፌ አይወጋም፤ ፍሬው በብሽሽት በኩል በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ይመረመራል። በጡንቻና በአጥንት ላይ ለሚወጡ አደገኛ ዕጢዎች ደግሞ መርፌው የት እንደሚገባ የሚወስነው በኋላ ቀዶ ሕክምናውን የሚያደርገው ቡድን ነው፤ መንገዱ አብሮ እንዲወጣ ማለት ነው። ጉበታቸው ለቆሰለና ለጠነከረ አንዳንድ ሕመምተኞችም የጉበት ካንሰር ያለ ባዮፕሲ በሲቲ ስካን ወይም በኤም አር አይ ብቻ የሚታወቅበት ጊዜ አለ። ጥርጣሬ ያለው ሰው ሐኪሙን በግልጽ «በእኔ ሁኔታ የመሰራጨት ሥጋት አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ነውር የለበትም።

ናሙናውን የሚወስደው ማን ነው?

ብዙ ወገኖቻችን ባዮፕሲ ሁሉ በቀዶ ሐኪም፣ በኦፕራሲዮን ክፍል የሚደረግ ይመስላቸዋል። እንደ ሰውነት ክፍሉ የተለያየ ነው።

ከቆዳ የሚወስደው የቆዳ ሐኪም ነው። ቦታውን በመርፌ አደንዝዞ ከላይ ይልጠዋል፤ ወይም እንደ እስክሪብቶ በምትያዝ ክብ ስለት ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር የምትሆን ናሙና ያወጣል። አንድ ሁለት ስፌት ይበቃል፤ ሕመምተኛው በዚያው ሰዓት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኛ ጥቁሮች ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ሲይዘን ብዙ ጊዜ የሚወጣው በውስጥ እግር፣ በመዳፍና በጥፍር ሥር ነው። በእነዚህ ቦታዎች የሚያድግ ጥቁር ምልክት ካያችሁ ለሐኪም አሳዩ።

ከጡት ናሙና የሚወስደው አብዛኛውን ጊዜ ራዲዮሎጂስት ነው። ራዲዮሎጂስት ፎቶ የሚያነብ ብቻ የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ነገር ግን በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራም እየተመራ መርፌውን የሚያስገባው እርሱ ነው። ቦታው ስለሚደነዝዝ ሕመሙ አነስተኛ ነው። መሣሪያው ሲሠራ እንደ ስቴፕለር ቀጭ ይላል፤ ያ ድምፅ ብዙ እኅቶችን ስለሚያስደነግጥ አስቀድማችሁ እወቁት። በመጨረሻም ቦታው ኋላ እንዳይጠፋ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ የብረት ምልክት ትቀመጣለች። ጉዳት የላትም፤ በአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻም አትጮኽም።

ለእንቅርት የሚያገለግለው ደም ከሚቀዳበት መርፌ የቀጠነ መርፌ ነው። የሚወስደው የሆርሞን ሐኪም፣ ራዲዮሎጂስት፣ አንዳንዴም ራሱ ፓቶሎጂስቱ ነው።

ስለ ንፍፊት ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ እኛን በተለይ ስለሚመለከት ነው። በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት ንፍፊት አብጦ ሳምንታት ከቆየ በቀጭን መርፌ ሕዋሳት ይቀዳሉ። የንፍፊት ካንሰር ከተጠረጠረ ግን ጥቂት ሕዋስ ስለማይበቃ ወፈር ባለ መርፌ ሥጋ ይወሰዳል፤ ወይም ቀዶ ሐኪም ንፍፊቱን ሙሉውን ያወጣዋል። በኢትዮጵያውያን ዘንድ ደግሞ ከሳንባ ውጭ፣ በንፍፊት ውስጥ የሚቀመጥ የሳንባ ነቀርሳ ብዙ ነው። እዚህ አገር ያለ ሐኪም ይህን ላያስብ ይችላል። ናሙናችን የሚጠበቀው በፎርማሊን ነው፤ ፎርማሊን ደግሞ ተህዋሱን ስለሚገድል ተህዋሱን ማሳደግ አይቻልም። የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ የሚፈለግ ከሆነ ከናሙናው ከፊሉ ያለ ፎርማሊን ለብቻው መላክ አለበት። ስለዚህ ናሙናው ከመወሰዱ በፊት «የመጣሁት የሳንባ ነቀርሳ ከሚበዛበት አገር ነው» ብላችሁ ተናገሩ። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሁለተኛ ባዮፕሲ ልታስቀርላችሁ ትችላለች።

ስማቸውን የማልጠቅሰው አንድ ወገናችን፣ ይህን እንድናገር ፈቅደውልኛል፣ አንገታቸው ላይ ያበጠውን ንፍፊት 8 ወር ሙሉ በሻርፕ ሸፍነው ዞሩ። ካንሰር ነው ብለው ስለደመደሙ ሥራቸውን ቀንሰው፣ ቤታቸውን በስማቸው ላይ እንዴት እንደሚያስተላልፉ ማሰብ ጀምረው ነበር። በመጨረሻ ባለቤታቸው ጎትተው ወሰዷቸው። ውጤቱ የንፍፊት ነቀርሳ ሆነ፤ በ6 ወር ክኒን ዳኑ። ከሕመሙ ይልቅ ያሠቃያቸው 8 ወር የተሸከሙት ፍርሃት እንደነበረ ራሳቸው ነግረውኛል።

የጨጓራና የአንጀት ናሙና የሚወስደው ጋስትሮኢንትሮሎጂስት ነው። በኢንዶስኮፒ ወይም በኮሎኖስኮፒ ቱቦ ውስጥ በምታልፍ ትንሽ መቆንጠጫ ከግድግዳው ቆንጠር ያደርጋል፤ ቁንጠጣው ራሱ አያምም። ከሳንባ የሚወስደው የሳንባ ሐኪም በአየር ቧንቧ በሚገባ ቱቦ ነው፤ ዕጢው ዳር ላይ ከሆነ ራዲዮሎጂስት በሲቲ ስካን እየተመራ በደረት በኩል በመርፌ ይወስደዋል። ከደረት ከተወሰደ በኋላ አየር ሾልኮ እንዳይሆን ራጅ ስለሚያስፈልግ ሳትታዩ አትውጡ። የጉበትና የኩላሊት ናሙና የሚወስዱት ራዲዮሎጂስት፣ የጉበት ወይም የኩላሊት ሐኪም ሲሆኑ፣ ደም እንዳይፈስ ለጥቂት ሰዓታት ጋደም ማለት ግድ ነው።

የማኅፀን በር ናሙና የሚወስደው የማኅፀን ሐኪም ነው። ሐኪሙ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ቀብቶ በማጉያ መነጽር ካየ በኋላ ነጣ ካለው ቦታ ጥቂት ይቆነጥራል። ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ እንድትገኝ መጠየቅ ይቻላል። ወንዶቻችን ደግሞ የሚሸሹት የፕሮስቴት ባዮፕሲ ነው፤ ይህን የሚሠራው ዩሮሎጂስት ነው። ብዙውን ጊዜ 12 ያህል ቀጫጭን ናሙናዎች በፊንጢጣ በኩል፣ ወይም በፊንጢጣና በብልት ፍሬ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ይወሰዳሉ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት በሽንት፣ ለጥቂት ሳምንታትም በዘር ፈሳሽ ውስጥ ደም ቢታይ የሚጠበቅ ነው። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ግን ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

የመቅኔ ናሙና የሚወስደው የደም ሐኪም ወይም ለዚህ የሠለጠነ ባለሙያ ነው። «ከአከርካሪዬ ሊወስዱ ነው፤ ሽባ እሆናለሁ» ብለው የሚፈሩ አሉ። የሚወሰደው ከአከርካሪ ሳይሆን ከዳሌ አጥንት የኋላ ክፍል ነው።

የማታዩት ሐኪም

እስካሁን የተናገርሁት ናሙናውን ስለሚወስዱት ነው። በሽታውን ስም የሚሰጠው ግን ብዙ ጊዜ የማታዩት ሌላ ሐኪም፣ ፓቶሎጂስቱ ነው። ናሙናው ወደ እኛ ሲደርስ ማሰሮዋ ላይ ያለው ስምና የልደት ቀን ከወረቀቱ ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ ነርሷ ስማችሁንና የልደት ቀናችሁን ደጋግማ ስትጠይቃችሁ አትሰልቹ። የእኛ የአባት ስም እዚህ አገር እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚጻፍና የፊደል አጻጻፉም ስለሚለዋወጥ፣ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው መሆኑን አረጋግጡ።

ሥጋው በፎርማሊን ውስጥ ሰዓታት ያድራል፤ ውኃው በአልኮል ይወጣለታል፤ ከዚያም በቀለጠ ሰም ውስጥ ገብቶ ይጠነክራል። ያንን የሰም ጡብ እኔና ባልደረቦቼ ከፀጉር ውፍረት ከአንድ አሥረኛ በታች እስኪሆን ድረስ ስስ አድርገን እንቆርጠዋለን። በመስታወት ላይ ተዘርግቶ በሁለት ቀለማት ይነከራል፤ አንዱ የሕዋሱን አስኳል ወይን ጠጅ፣ ሌላው ዙሪያውን ሮዝ ያደርገዋል። ፓቶሎጂስቱ የሚያነበው ይህን ነው።

አንዳንዴ ሕመምተኛው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ እያለ መልስ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ሥጋው በቅዝቃዜ ደርቆ ይቆረጥና በ20 ደቂቃ ያህል ውስጥ የመጀመሪያ መልስ ይሰጣል። ይህ ዘዴ በ1905 በሜዮ ክሊኒክ በሉዊስ ዊልሰን እጅ ከተሻሻለ በኋላ በሰፊው የተለመደ ነው። የመጨረሻው ውጤት ግን ያው በሰሙ መንገድ የሚመጣው ነው።

ተራ ውጤት በጥቂት የሥራ ቀናት ይደርሳል። አጥንት ሲሆን መለስለስ ስላለበት፣ ተጨማሪ ቀለም ሲያስፈልግ፣ ወይም ፓቶሎጂስቱ ሌላ ባልደረባውን ማማከር ሲፈልግ ይዘገያል። ስለዚህ መዘግየቱን እንደ መጥፎ ምልክት አትቁጠሩት።

ውጤቱ ሲመጣ

ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በአሜሪካ ሕግ መሠረት የምርመራ ውጤት እንደተጠናቀቀ ሕመምተኛው እንዲያየው ስለሚለቀቅ፣ ብዙ ጊዜ ሐኪሙ ሳይደውል ስልካችሁ ላይ ይደርሳል። ሌሊት ብቻችሁን ከፍታችሁ እንዳትደነግጡ ናሙናው በሚወሰድበት ዕለት «ውጤቱን የሚነግረኝ ማን ነው? መቼ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ቢናይን» የሚለው ቃል አደገኛ ያልሆነ፣ «ማሊግናንት» ካንሰር ማለት ነው። «ኤቲፒካል» ማለት ሕዋሳቱ እንደ ወትሮው አይደሉም፣ ካንሰር ነው ግን አልተባለም ማለት ነው። «ናሙናው በቂ አይደለም» ከተባለ ደግሞ ነጻ ነህ ማለት አይደለም፤ ምርመራው ይደገማል ማለት ነው።

ሁለተኛ ሐኪም ይመልከትልኝ ማለትም መብት ነው። እንደገና መወጋት ላያስፈልግ ይችላል። በዚህ አገር ላቦራቶሪዎች መስታወቱን ቢያንስ 10 ዓመት፣ የሰሙን ጡብ ቢያንስ 2 ዓመት የማቆየት ግዴታ ስላለባቸው፣ ወደ ሌላ ሆስፒታል እንዲላክ መጠየቅ ይቻላል።

ስለ ቋንቋና ስለ መደበቅ

አሁን ወደ ቤታችን ጉዳይ ልግባ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ለምርመራ ሲሄዱ የ12 ዓመት ልጅ አስተርጓሚ ሆኖ ሲቀመጥ እናያለን። ልጁ «መቅኔ» የሚለውን ቃል በአማርኛም አያውቀው ይሆናል፤ ካንሰር የሚል ቃል ደግሞ ለእናቱ እንዲናገር ማድረግ ከባድ ጭነት ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም አይፈቀድላቸውም። በአካል የሚገኝ ባይኖር በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ ይገኛል። ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ፤ ያልገባችሁን ወረቀት አትፈርሙ።

ሌላው ልማዳችን ክፉ ውጤት ሲመጣ ሕመምተኛው እንዳይሰማ መደበቅ ነው። ከፍቅር የሚመነጭ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚህ አገር ውጤቱ የሚነገረው ለራሱ ለሕመምተኛው ነው። ብዙ ማወቅ የማይፈልግ ሰው ካለ አስቀድሞ «ለልጄ ንገሩልኝ» ብሎ ሊወስን ይችላል፤ ውሳኔው ግን የእርሱ ይሁን። በጠበልም ሆነ በዱዓ የሚጽናና ሰው ይጽናና፤ ቀጠሮውን ግን አይተው። ሁለቱ አይጣሉም።

ከመሄዳችሁ በፊት

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት፣ አስፕሪንም ቢሆን፣ እንዲሁም የዓሣ ዘይት ወይም የነጭ ሽንኩርት ክኒን የምትወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። መድኃኒቱን ግን በራሳችሁ አታቋርጡ። የምትጾሙ ከሆነ፣ በተለይ የስኳር በሽታ ካለባችሁ፣ ይህንንም ተናገሩ። የሚያደነዝዝና የሚያስተኛ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ መኪና የሚነዳላችሁ ሰው ይኑር።

የገንዘቡን ነገርም አልዘለውም። ናሙናውን የወሰደው ሐኪምና ያነበበው ፓቶሎጂስት ለየብቻ ሒሳብ ስለሚልኩ ሁለት ወይም ሦስት ወረቀት ሲመጣ ተጭበረበርሁ አትበሉ። ከጃንዋሪ 2022 ወዲህ የግል ኢንሹራንስ ያለው ሰው ኢንሹራንሱ በሚቀበለው ሆስፒታል ከታከመ፣ ፓቶሎጂስቱ ከኢንሹራንሱ ጋር ውል የለኝም ብሎ ተጨማሪ ሒሳብ ሊጠይቀው አይፈቀድለትም። ኢንሹራንስ የሌለው ደግሞ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ ርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ስለሚያስገድድ፣ የማመልከቻውን ቅጽ ይጠይቅ።

ክቡራትና ክቡራን፤

አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋል። ማኅበራችን በእነዚህ 10 ዓመታት ሬሳ ወደ አገር ለመላክ ስንት ጊዜ ገንዘብ እንዳዋጣ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሕይወት ላለው ወገናችንም እንዲሁ እንቁም እላለሁ። ለባዮፕሲ ቀጠሮ የተያዘለት፣ አብሮት የሚሄድ ዘመድ የሌለው ሰው ቢኖር ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ይደውልና በመኪና የሚወስደው፣ ደጅ ላይ የሚጠብቀው፣ ሾርባ የሚያደርስለት አንድ አባል ይመደብለት። ዝርዝሩን ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ስማችሁን እንድታስመዘግቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።